ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር

ሥራ የጀመርኩበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ድርጅቱ ዕቃ አስተላላፊ ነው፤ መርከብ ያመጣውን ኮንቴይነር ከጉምሩክ አስፈትቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ቢሮው በሃይፋ የታችኛው ከተማ፣ ከወደቡ አጥር ፊት ለፊት በቆመ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ቀና ሲል ክሬኖቹንና ባሕሩን ያያል። የእኔ ወንበር ግን ታች ነበር። ሰርቨሩን፣ ማለትም የድርጅቱን ደብዳቤና ሰነድ ሁሉ የሚይዘውን ትልቁን ኮምፒውተር፣ የሚያስቀምጡበት ሲያጡ ሚቅላት ውስጥ አስገቡት። ሚቅላት በዚያ አገር በየሕንፃው ሥር የሚሠራ የቦምብ መጠለያ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ሲሚንቶ፣ በሩ ብረት፣ ሞባይል የማይሠራበት። ሰርቨሩ ሲገባ ጠባቂዋ እኔም አብሬው ገባሁ። ጠዋት ከአውቶቡስ ወርጄ አሥራ ስምንት ደረጃ ወደ ታች እወርዳለሁ፤ በክረምት ስወጣ ፀሐይዋ ጠልቃለች።

ሥራውን ያስገኙልኝ የአለቃው ጸሐፊ ናቸው። ከሩማንያ የመጡ፣ ስድሳን የተሻገሩ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። በዕብራይስጥ አንቱታ የለም፤ ሕፃኑም ሚኒስትሩም «አንተ» ነው። ስለዚህ በአፌ «አንቺ» እላቸው ነበር፤ በልቤ ግን አንድም ቀን እንዲያ ብያቸው አላውቅም። እናትና አባቴ ቤት የተማርኩት አፍ አይፈቅድልኝም። አሁንም የምጽፈው በልቤ እንደጠራኋቸው ነው።

ከወታደርነት ስወጣ የኮምፒውተር ቴክኒሺያን ኮርስ በጥሩ ውጤት ጨርሼ ነበር። በስልክ ዕብራይስጤን የሚሰሙ ቀጣሪዎች «ነገ ነይ» ይሉኛል፤ ነገ ስሄድ ቦታው ተይዟል። እዚህም አለቃው ፊቴን አየና ወረቀቴን ሳያገላብጥ «እናስብበታለን» ሲል ሴትዮዋ ከጠረጴዛቸው ሳይነሱ፣

«ምኑን ነው የምታስበው? ማተሚያው ከትናንት ጀምሮ አልሠራም ብሏል። ትሥራውና እንይ» አሉ።

ከፈትኩት። አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር የያዘው። አወጣሁት። እሳቸው ማተሚያው ሲንቀሳቀስ አለቃውን ዝም ብለው ተመለከቱት፤ እሱም ሳቀና «እሁድ ጀምሪ» አለኝ።

ሥራው ግን ሙሉ በሙሉ የእኔ አልነበረም። የቀጠረኝ ለድርጅቶች ሰው የሚያቀርብ ኩባንያ ነው። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ወይ ቅቪዑት፣ ማለትም ቋሚነት፣ ይሰጡኛል፤ ወይ «እናመሰግናለን» ብለው በእኔ ቦታ ሌላ ያስቀምጣሉ። በእኛ ሰፈር፣ በቲራት ካርሜል፣ ዘጠኝ ወር ሊሞላው ሳምንት ሲቀረው የተሸኘ ሰው የሌለበት ሕንፃ የለም። አባቴ ራሱ ከአንድ ፋብሪካ ሁለት ጊዜ እንዲህ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ገብቷል። ድርጅቱ የሚልካቸው ኢሜይሎች መመለስ የጀመሩት ሥራ በገባሁ በስምንተኛው ወር ነው።

እሁድ ጠዋት ነበር፤ በዚያ አገር የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሁድ ነው። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የውስጥ ስልኩ ጮኸ። ጸሐፊዋ ናቸው።

«ሞተክ» አሉኝ፤ ሁልጊዜ የሚጠሩኝ እንዲያ ነው፣ ጣፋጬ እንደማለት። «ለቆጵሮሱ ደንበኛ የላክሁት ኢሜይል ተመለሰብኝ። አድራሻው ትክክል ነው፤ ባለፈው ሳምንትም ልኬለታለሁ።»

የተመለሰውን ከፍቼ አነበብኩት። ሰርቨር ለሰርቨር የሚጽፈው ደብዳቤ ደረቅ ነው፤ ሰላምታ የለውም። ተቀባዩ ቤት በራፉ ላይ ላኪውን አይቶ አላስገባም ብሏል። የአንድ ጊዜ ስህተት ነው ብዬ ደግሜ ላክሁት። ደግሞ ተመለሰ። ረፋዱ ላይ ከቱርክ የተመለሰ መጣ፣ ከዚያ ከግሪክ፣ ከዚያ ከራሳችን አገር፣ ከአሽዶድ። እኩለ ቀን ላይ የሚላከው በሙሉ ይመለስ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ይገባል፤ ከእኛ የሚወጣው ብቻ ነው የማይደርሰው። ደንበኞች «ለምን አትመልሱልንም?» ብለው ይጽፉልናል፤ እኛም ለዚያ የምንጽፈው መልስ አይደርሳቸውም።

አለቃው ራሱ ወደ ሚቅላቱ ወረደ። ሰፊ ሰው ነው፤ ሲገባ ክፍሉ ይሞላል። በሩ ላይ ቆሞ፣

«ሦስት ኮንቴይነር የቀዘቀዘ ዓሣ ወደብ ላይ ቆሟል» አለኝ። «ወረቀቱ ካልደረሰ አይነቃነቅም። ምን ነካሽብኝ?»

«ምንም አልነካሁም።»

«ዓርብ ይሠራ ነበር፣ ዛሬ አይሠራም። እዚህ የምትቀመጭው አንቺ ብቻ ነሽ። ታዲያ ማን ነካው?»

«አጣራለሁ» አልኩት። ሲወጣ በሩን ከኋላው ሳበው፤ አየሩም አብሮት የወጣ መሰለኝ።

ያጣራሁት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። መልእክቶቹን አንድ በአንድ ሳነባቸው ሁሉም በየቋንቋቸው አንድ ነገር ይላሉ፦ የእናንተ የኢንተርኔት አድራሻ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በዓለም ላይ የማይፈለግ ማስታወቂያ የሚረጩ ሰዎችን አድራሻ የሚመዘግቡ ክፍሎች አሉ፤ ሌሎች ሰርቨሮች ደብዳቤ ከመቀበላቸው በፊት እዚያ መዝገብ ላይ ያያሉ። ስምህ ካለ በር ይዘጋብሃል። የእኛ ስም እዚያ ነበር። ለምን እንደገባ የሚናገር ግን የለም። ባልሠራሁት ወንጀል ግድግዳ ላይ ስሜ ተለጥፎ ያየሁ ያህል ጆሮዬ ጋለ።

ሰኞ ኢንተርኔት ወደሚያቀርብልን ኩባንያ ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ። ሚቅላቱ ውስጥ ሞባይል ስለማይሠራ የግድግዳውን ስልክ ይዤ እቆማለሁ፤ ሽቦው አጭር ስለሆነ ወንበሬ ላይ አይደርስም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንድ ልጅ እግር ድምፅ መጣ።

«መስመራችሁ ደህና ነው» አለኝ። «መዝገቡን የያዙትን ጠይቂ።»

ለመዝገብ ያዦቹ ጻፍኩ። ስልክ የላቸውም፤ አንድ ቅጽ ብቻ ነው ያላቸው። ከሰዓታት በኋላ መልስ መጣ፤ አድራሻው የተመዘገበው ኢንተርኔት በሚያቀርብላችሁ ኩባንያ ስም ስለሆነ እነሱን ጠይቁ ይላል። እንደገና ደወልኩ። እንደገና ሙዚቃ። ይህኛዋ ሴት ነበረች፤ «ለእኛ ምንም አይታየንም፤ ቤሰደር ነው ሁሉም» አለችኝ፤ ደህና ነው ማለቷ ነው። «ቤሰደር ቢሆን ኖሮ አልደውልልሽም ነበር» አልኩና ወዲያው ተጸጸትኩ፤ ስልኩን ዘጋችብኝ።

በዚህ መሃል ቢሮው ወደ ፋክስ ተመለሰ። ኢሜይል ከመጣ ወዲህ ጥግ ተገፍቶ የነበረውን አሮጌ ፋክስ ጸሐፊዋ አቧራውን ጠርገው አስነሡት። ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቡ ቆመው ገጽ በገጽ ይልካሉ። እግራቸው ስለሚያብጥ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ይቆማሉ። አለቃው እያለፈ ሲያጉረመርም፣

«ልጅቷን ተዋት፤ እየሠራች ነው» ይሉታል።

ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር ብስኩት በወረቀት ጠቅልለው እጄ ላይ ያደርጉልኛል። ማክሰኞ ቀን ሠራተኞቹ ስገባ ንግግራቸውን ሲያቋርጡ ያላቋረጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ያን ቀን ቤት ስገባ አባቴ ከፋብሪካው ተመልሶ እግሩን በጨው ውሃ ነክሮ ተቀምጧል። የኮምፒውተር ነገር አያውቅም፤ ደብዳቤ ግን ያውቃል። እኛ ከአገር ስንወጣ ከኋላ ለቀሩት ወንድሞቹ ለዓመታት ደብዳቤ ያስጽፍ ነበር።

«ደብዳቤው ሄደ?» አለኝ።

«አልሄደም አባየ። ይመለሳል።»

«ምን ብሎ ነው የሚመለስ?»

«ላኪውን አናምነውም ብለው ነው የሚመልሱት።»

እግሩን በውሃው ውስጥ እያሸ፣ «ታዲያ ላኪው ምን አድርጎ ነው?» አለኝ። «ሰው ዝም ብሎ አይጠላም። ከቤት ውስጥ አንድ የሚያሰድብ ሰው ይኖራል።»

«አባየ ደግሞ! ይህ እኮ ማሽን ነው» አልኩትና እራቴን ሳልጨርስ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት ጥቁር መዝገቡ ስማችንን አነሣው። ቅጹን አራት ጊዜ ሞልቼው ነበር። አንድ ደብዳቤ ወደ ቆጵሮስ ላክሁ፤ ሄደ! ሮጬ አሥራ ስምንቱን ደረጃ ወጣሁ፤ ቢሮው አጨበጨበ፤ አለቃው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጸሐፊዋ ፋክሱን ትተው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና ጫማቸውን አጠለቁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁሉም እንደገና ይመለስ ጀመር። ስማችን መዝገቡ ላይ ተመልሶ ገብቷል።

ያን ጊዜ ነው የአባቴ ቃል የገባኝ። ከቤት ውስጥ የሚያሰድበን አለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የፈተሽኩት ሰርቨሩን ብቻ ነበር፤ የሰርቨሩ ደብዳቤዎች በሙሉ ንጹሕ ናቸው። ነገር ግን በቢሮው ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደ ዓለም የሚወጡት በአንድ በር፣ በአንድ አድራሻ ነው። አንዳቸው ውስጥ ቫይረስ ገብቶ በድብቅ ማስታወቂያ ቢረጭ፣ ውጭ ያለው ሰው የሚያየው የድርጅቱን አድራሻ ነው። በሩ ላይ ያለውን መሣሪያ መዝገብ ከፈትኩ። አንድ ኮምፒውተር ከሌሊት እስከ ሌሊት፣ ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶም እንኳ፣ ሳያርፍ በሺህ ለሚቆጠር የማላውቀው ሰው ሲጽፍ አገኘሁት።

ሥራ ስጀምር ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ቆጥሬ ቢጫ ወረቀት ላይ ቁጥር ጽፌ ለጥፌባቸው ነበር። የቁጥሩን ዝርዝር አወጣሁና አየሁ። ሰባት ነው። ሰባት ቁጥር የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ነበር።

ዝርዝሩን ደጋግሜ አየሁት። የተሳሳትኩ መስሎኝ ሳይሆን፣ የተሳሳትኩ እንዲሆን ፈልጌ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ እሳቸው ወደ ታች መንገድ ወርደው ሾርባ የሚበሉበት ቦታ አለ። እስኪወጡ ደረጃው ላይ ጠበቅሁና ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ቫይረሱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። ከሦስት ሳምንት በፊት የመጣ ኢሜይል ነው፤ የሰላምታ ካርድ ተልኮልዎታል ይላል፤ ላኪው በልጃቸው ስም ነው። ልጃቸው ካናዳ ነው የምትኖረው፤ ፎቶዋ ከስክሪኑ አጠገብ ቆሟል። ስሟ ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም ስለሆነ አታላዩ ያገኘው በአጋጣሚ ነው፤ ለሺዎች ልኮ ለአንዷ ገጠመለት። ካርዱ ሲከፈት ምንም አያሳይም። ኮምፒውተሩ መዝግቦ እንደያዘው ሦስት ጊዜ ከፍተውታል። በዚያው ሳምንት ልደታቸው ነበር፤ ቢሮው ኬክ ቆርጦላቸዋል።

ቫይረሱን አጠፋሁ። ከዚያ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነገር ነው፤ ወንበሩ ላይ ቆይቼ፣ ሲመጡ በሩን ዘግቼ፣ «እንዲህ ያለ ነገር አገኘሁ» ማለት። አላደረግሁትም። ያፍራሉ ብዬ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነው። የእግራቸውን ኮቴ ደረጃው ላይ ስሰማ ተነሥቼ በሌላኛው በር ወጣሁ።

ሚቅላቱ ገብቼ፣ ከሰርቨሩ በቀር ሌላ ኮምፒውተር በቀጥታ ደብዳቤ እንዳያወጣ የኢንተርኔቱን በር ዘጋሁበት። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ከስምንት ወር በፊት፣ ሥራ በጀመርኩ ቀን ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ቫይረሱ ገብቶም ስማችንን አያጠፋም ነበር። ይህን የዚያን ዕለት አወቅሁ፤ ያወቅሁትም እኔ ብቻ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት መዝገቡ ስማችንን አነሣ፤ በዚያው ቀረ። አለቃው ጠራኝ። ደስ ብሎታል፤ ግን የደስታው ዓይነት የሚያስፈራ ነው።

«አሁን ንገሪኝ» አለኝ። «ማነው?»

«ቫይረስ ነው።»

«ቫይረስ በእግሩ አይመጣም። አንድ ሰው አስገብቶታል። ዓሣው ሊበላሽ ነበር፤ ደንበኛ ሊያመልጠኝ ነበር። በጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደገባ። እስከ ቀትር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የአንቺም ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ የሚቀጥለው ወር» አለኝ።

ወደ ታች ወረድኩ። መሳቢያዬ ውስጥ ሌላ ወረቀት ነበረኝ። ከአራት ወር በፊት የኮምፒውተሮቹ አንቲቫይረስ ጊዜው ስላለፈ ይታደስልኝ ብዬ ለአለቃው የጻፍኩት ማመልከቻ ነው። ኅዳጉ ላይ በራሱ እጅ «ይቆይ» ብሎበታል። ያንን ወረቀት ከሪፖርቱ ጋር አያይዤ ብሰጥ ጥፋቱ ወደ እሱ ይሄዳል፤ አለቃውን በጽሑፍ ያሳፈረች ጊዜያዊ ሠራተኛ ደግሞ ዘጠነኛውን ወር አታይም። ሪፖርቱን ባልጽፍ፣ እሁድ ዕለት እንዳለው፣ እዚያ ክፍል የምቀመጠው እኔ ብቻ ነኝ። የጸሐፊዋን ስም ብጽፍ አፈር ልብላ። በአራቱም በኩል ግድግዳ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ገጽ እያየሁ ተቀመጥኩ፤ የሰርቨሩ ማራገቢያ ብቻ ነው የሚሰማው።

በመጨረሻ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ተጠቃሚው ሳያውቅ በኢሜይል የገባ ቫይረስ ተገኝቷል፤ ተወግዷል።» ቁጥር ስም አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በሩን ሳልዘጋ ስለቆየሁበት ነገር አንድ ቃል አልጻፍኩም። ማመልከቻውንም መልሼ መሳቢያው ውስጥ አስገባሁት።

አለቃው ወረቀቱን ቆሞ አነበበው። ከክፍሉ ወጣ፤ ኮሪደሩን ይዞ እየጎነበሰ በየኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቢጫ ወረቀት ያነብ ጀመር። አንድ። ሁለት። ሦስት። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ከሩቅ እንዲነበብ ብዬ ጎላ አድርጌ የጻፍኩት። ከኋላው ሄድኩ፤ ምን ብዬ እንደማስቆመው ግን አላውቅም። ሰዎቹ ምን እየፈለገ እንደሆነ ስላልገባቸው ይስቁ ነበር። ጸሐፊዋም ፈገግ ብለው፣

«ምን ጠፋብህ?» አሉት።

እሱ ወረቀቱን አየ፣ ስክሪናቸውን አየ።

«አንቺ ነሽ?» አላቸው። «አንድ ሳምንት ሙሉ ድርጅቱን ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ?»

«ምኑን ነው የምታወራው?»

«ሃያ ዓመት እዚህ ተቀምጠሽ፣ ከማን እንደመጣ የማታውቂውን ነገር ትከፍቻለሽ? ሕፃን ነሽ? ዕድሜሽ ለዚህ ካልሆነ ንገሪኝ!»

እሳቸው መነጽራቸውን ከአንገታቸው አንሥተው ዓይናቸው ላይ አደረጉና እኔን ተመለከቱ። ያኔ እንደገባቸው አውቃለሁ። ፋክሱ አጠገብ ቆመው አራት ቀን የላኩት በራሳቸው ኮምፒውተር ጥፋት መሆኑን፣ እኔም ይህን ከትናንት ጀምሮ እንደማውቅ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ። ፊታቸው ከአንገታቸው ጀምሮ ቀላ። ዕቃቸውን ሰብስበው ከሰዓታቸው ቀድመው ወጡ።

እሁድ ስመጣ ጠረጴዛቸው ላይ ኮምፒውተር አልነበረም። አለቃው አስነሥቶታል። ስልክ፣ እስክሪብቶና የልጃቸው ፎቶ ብቻ ቀረ። ያነሣው የጥበቃው ሠራተኛ ነው፤ ወደ እኔ ሚቅላት አውርዶ ወለሉ ላይ ትቶልኛል። ሰባት ቁጥሩ እንደተለጠፈበት ነው። ቀኑን ሙሉ እግሬ አጠገብ ነበር።

ወደ ላይ ስወጣ «ደህና አደሩ» እላለሁ። «ቤሰደር» ይሉኛል። ሞተክ የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፋ። ብስኩቱም ቀረ፤ ግን ብስኩቱን ማን ይፈልገዋል።

እንዲህ ሆነን ዘጠኝ ቀን ቆየን። በዘጠነኛው ቀን የማመልከቻውን ወረቀት ከመሳቢያው አወጣሁና ወደ አለቃው ገባሁ። ድፍረት አይደለም፤ መተኛት አቅቶኝ ነው።

«ይህን ከአራት ወር በፊት ሰጥቼህ ነበር» አልኩት። «አንቲቫይረሱ ቢታደስ ኖሮ ካርዱ ሲከፈት ይይዘው ነበር። ደግሞ እኔም የኢንተርኔቱን በር መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁትም። ሪፖርቱ ላይ አልጻፍኩትም።»

የራሱን የእጅ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ አየ። የሚጮህ መስሎኝ ነበር፤ አልጮኸም።

«ይህንን ለምን ያን ቀን አላሳየሽኝም?» አለኝ።

«ፈርቼ።»

«እኔን?»

«የሚቀጥለውን ወር።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ኮምፒውተሩን መልሺላት» አለኝ። ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልጠየቀም። ግን በዚያው ሳምንት አንቲቫይረሱ ታደሰ፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ቅቪዑቴ መጣ። የሰው ኃይል ኩባንያው ሴት ደውላ «እንኳን ደስ ያለሽ» ስትለኝ የግድግዳውን ስልክ ይዤ ቆሜ ነበር፤ አመሰግናለሁ ማለት ረስቼ ዘጋሁት። አባቴ ሲሰማ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አመሰገነ፤ ፎቅ ላይ ላሉት ጎረቤቶች ሁሉ ነገረ። «ከእንግዲህ ማንም አያስወጣሽም» አለኝ። እኔም ያንን ነበር የማስበው፤ ከእንግዲህ ማንም አያስወጣኝም።

ኮምፒውተሩን በእጄ ተሸክሜ ወደ ላይ አወጣሁት። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ሽቦውን ስሰካ ጸሐፊዋ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። ስጨርስ፣

«ይሠራል» አልኳቸው።

«ጥሩ» አሉ። ሌላ ሠራተኛ ጠሩና «ከፈለግሽ ተጠቀሚበት፤ ለእኔ ስልኩ ይበቃኛል» አሏት። አልተቀመጡበትም። ጡረታ ሊወጡ ዓመት ተኩል ይቀራቸው ነበር፤ በፋሲካ በዓል ዋዜማ በራሳቸው ጥያቄ ወጡ።

የስንብቱ ቀን አለቃው ንግግር አደረገ፤ ያለ እሷ ይህ ቢሮ አይቆምም ነበር አለ፤ ሰው አጨበጨበ። የሸክላ ማሰሮ ላይ የተተከለ አበባ ሰጧቸው። ከባድ ስለሆነ እኔ ልያዘው አልኩ፤ እምቢ አላሉም። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረን ሄድን። ወደ ሰፈራቸው፣ ወደ ሀዳር፣ የሚወጣው አውቶቡስ እንደልማዱ ዘግይቷል። ማሰሮውን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ቆምኩ።

«ስለዚያ ነገር...» ብዬ ጀመርኩ።

እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ» አሉ። «መጻፍሽም ሥራሽ ነው። በእሱ አልተቀየምኩሽም።» የአበባውን ቅጠል አቃኑ። «ግን ምሳዬን በልቼ ስመጣ ወንበሬ ሞቆ ነበር። አንድ ሰው እንደተቀመጠበት አውቄያለሁ። አንቺ መሆንሽንም አውቄያለሁ፤ ሌላ ማን ይነካዋል? የሆነ ነገር ብትፈልጊ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ጠበቅሁ። ብትነግሪኝ ኖሮ በማግሥቱ እኔው ራሴ ገብቼ እነግረው ነበር። ሲመጣብኝ ተነሥቼ እቆም ነበር። ተቀምጬ አገኘኝ።»

«ልክ ነዎት» አልኳቸው፤ በዕብራይስጥ «ልክ ነሽ» ነው የወጣው።

አውቶቡሱ መጣ። ማሰሮውን አቀበልኳቸው። ሾፌሩ ቁልቁል እያየ «ፈጠን!» አለ። ወጡና በሌላኛው ጎን፣ ወደ ባሕሩ በሚያየው በኩል ተቀመጡ፤ አበባው ጭናቸው ላይ ነበር። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲጀምር እዚያው ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ወደ ቢሮው ተመለስኩ። ሦስት ያልተፈቱ ጥሪዎች እየጠበቁኝ ነበር፤ አንዱ የማተሚያ፣ ሁለቱ የይለፍ ቃል የረሱ። እዚያ ቤት ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሠራሁ።